የትምህርትና ዲጂታል ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪን አዲስ አበባ ሆኖ በኦንላይን መማር፦ ከማመልከቻ እስከ አቻ ግምት

«ሥራዬን ሳልለቅ በኦንላይን የትምህርት ዲግሪ መማር እችላለሁ ወይ? ብማርስ እዚህ አገር ይያዝልኛል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የግል ትምህርት ቤት ረዳት መምህራን፣ ዲፕሎማ ይዘው የሚያስተምሩ ወይም በመሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ይቻላል፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። ሰው የሚሰናከለው ትምህርቱ ከብዶት ብቻ አይደለም። እውቅናውን ሳያጣራ ይከፍላል፣ የማስረከቢያ ሰዓት ይምታታበታል፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ አያስብም። ይህ መመሪያ ከሁሉ በላይ እነዚህ ሦስቱ ላይ ይቆያል።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ

- ላፕቶፕ፦ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ የሚሠራ ካሜራና ማይክ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ባትሪውን ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከ100 ወደ 85 ከወረደ ጠቅላላ የሚይዘው 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ያህል ነው፤ ያ ለአንድ የቀጥታ ክፍል ይበቃል፣ ለፈተና ግን ያሰጋል።
- ማይክ ያለው ባለገመድ ማዳመጫ። ብሉቱዝ ክፍል መሀል ቻርጅ ይጨርሳል።
- ሁለት የተለያዩ የኢንተርኔት መስመሮች፦ አንዱ የቤት ዋይፋይ፣ ሌላው የስልክ ዳታ። ከተቻለ የሁለት የተለያዩ ቴሌኮሞች ይሁኑ።
- ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያሠራ ትንሽ ባትሪ)።
- ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዲፕሎማ ካላችሁ ከነትራንስክሪፕቱ።
- ስማችሁን ብቻ የያዘ ኢሜይል። ቅጽል ስምና የልደት ዓመት አይግባበት፤ የመግቢያ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።
- በሳምንት ከ10 እስከ 20 ሰዓት። ይህ ከሌላችሁ የቀረው ሁሉ ቢሟላም አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ዲግሪው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለዩ

«ትምህርትና ዲጂታል ትምህርት» የኮምፒውተር ሳይንስ አይደለም፤ ኮድ መጻፍ ዋናው ሥራው አይደለም። የሚማሩት ሰው እንዴት እንደሚማር፣ የትምህርት አነዳደፍ፣ ምዘና፣ አካታች ትምህርት፣ የመማሪያ ቴክኖሎጂ አጠቃቀምና የምርምር ዘዴ ነው። የምትጽፉት ብዙ ነው፤ የምታነቡት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። የትምህርት ጥናት ዲግሪ የመምህርነት ፈቃድ ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር እንኳ የትምህርት ጥናት ዲግሪ በራሱ ለመምህርነት አያበቃም፤ ለዚያ ሌላ ሥልጠና አለ። ግባችሁ ክፍል ገብቶ ማስተማር ከሆነ፣ እዚህ ለመምህርነት ምን ተጨማሪ እንደሚጠየቅ ከምትቀጠሩበት ወገን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የትምህርት ይዘት ማዘጋጀት፣ የኦንላይን ኮርስ መንደፍ ወይም ሥልጠና ማስተባበር ለምትፈልጉ ግን ዲግሪው በቀጥታ ይገጥማል።

ሌላም የምታጣሩት አለ። አንዳንዱ ፕሮግራም ተማሪው ትምህርት ቤት ውስጥ እየሠራ ወይም በበጎ ፈቃድ እያገለገለ እንዲማር ያስገድዳል፤ አሳይመንቶቹ «በምትሠሩበት ክፍል ያያችሁትን» ስለሚጠይቁ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቢሮ ለሚውል ሰው አይሆንም።

ደረጃ 2፦ እውቅናውን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ

ሦስት ስሞች ለየብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርቱን የሚያቀርበው ኮሌጅ፣ ትምህርቱ የሚገኝበት ድረ ገጽ። ሦስቱ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደሉም። የዲግሪው ወረቀት (ዲፕሎማው) ላይ የሚታተመው የመጀመሪያው ስም ስለሆነ የሚጣራው እሱ ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው በገዛ አገሩ መዝገብ ውስጥ መኖሩን እዩ። ለእንግሊዝ የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪው የኦፊስ ፎር ስቱደንትስ መዝገብ አለ። ለአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴሩ የእውቅና ዳታቤዝ፣ ለደቡብ አፍሪካ የትምህርት ማስረጃዎችን የሚመዘግበው የሳኳ (SAQA) መዝገብ ይታያል። ለሕንድ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች ተቆጣጣሪው ዩጂሲ (UGC) በኦንላይን እንዲሰጥ የፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈው ማኅተም ማስረጃ አይሆንም፤ ማኅተም ማንም ያሠራል። «በወራት ዲግሪ»፣ «የሕይወት ልምድዎን ወደ ዲግሪ እንቀይራለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገጹን ዝጉት።

ቀጥሎ እዚህ አገር። የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት (ዲግሪው እዚህ አገር ከየትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ የሚያረጋግጥ ውሳኔ) የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ሰው እስካሁን በድሮ ስሙ «ሄርቃ» ይለዋል። ሳትመዘገቡ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ መልስ ከአራት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ደብዳቤው አጭር ሆኖ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦

ሀ) ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ዲግሪ አቻ ግምት ያገኛል ወይ?
ለ) በኦንላይን መሰጠቱ ለውጥ ያመጣል ወይ?
ሐ) እኔ ይዤ የምገባው የ12ኛ ክፍል ውጤት ወይም ዲፕሎማ ለመግቢያ በቂ ሆኖ ይቆጠራል ወይ?

ሦስተኛውን አትዝለሉት። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላችሁ ማለት እዚህ ያለው ገምጋሚ መግቢያችሁን ይቀበላል ማለት አይደለም። ዲግሪው በእጅ እያለ ከሥሩ ያለው ሰነድ ጎድሎ ግምቱ የሚቆምበት ጊዜ አለ። መልሱ ሲመጣ ቁጥርና ማኅተም እንዳለው አይታችሁ ዋናውን አስቀምጡ፤ ስካኑን ደግሞ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ።

የአገር ውስጥ ተቋም በኦንላይን የሚሰጠውን የምትመርጡ ከሆነ ጥያቄው ይለያል። ተቋሙ በጥቅሉ እውቅና አለው ወይ ሳይሆን፣ *ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ የአሰጣጥ ዘዴ* እውቅና አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በመደበኛ ያለው እውቅና ለኦንላይኑ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የአገር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት እንዳለበትም አትርሱ። ስለዚህ ተቋሙ ተማሪዎቹን ለፈተናው እንዴት እንደሚያዘጋጅ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ሰነዳችሁን አንድ አድርጉ

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «መኮንን» ፓስፖርት ላይ በሁለት «ኤን»፣ ትራንስክሪፕት ላይ በአንድ ሊሆን ይችላል። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እነዚህን ሁለት ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ማመልከቻው ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የሚለያየው ሰነድ ካለ ቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ካልሆነ ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ አያይዙ።

ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ የአባት ትጽፋላችሁ ወይስ የአያት? ፓስፖርታችሁ የቤተሰብ ስም በሚለው መስመር ላይ ያስቀመጠውን። በኋላ ዲፕሎማው ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

የልደት ቀን ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። የ12ኛ ክፍል ሰነዳችሁ ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግርጌው ላይ ራሳችሁ አትሰርዙ፣ አትጻፉበት። ሕጋዊ ትርጉም ሲሠራ ተርጓሚው ሁለቱንም ያስቀምጠዋል።

ስካን በ300 ዲፒአይ፣ በፒዲኤፍ ይሁን። አራት ኪሎ ዙሪያ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይሠሩታል፤ ግን ፋይሉን በፍላሽ ስትቀበሉ እዚያው ክፈቱትና የማኅተሙ ጽሑፍ መነበቡን እዩ። ፍላሹን ቤት ስትደርሱ ለቫይረስ ፈትሹ፤ ከብዙ ሰው ፍላሽ ጋር የዋለ ኮምፒውተር ነው። ማመልከቻው የፋይል መጠን ከወሰነ ዲፒአዩን ከማውረድ ይልቅ ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይሻላል።

የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ ከተጠየቃችሁ አይኤልትስን በብሪቲሽ ካውንስል በኩል መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የቀድሞ ኮሌጃችሁ «ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ቢጽፍ ይበቃ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ። የሚቀበሉ አሉ።

ደረጃ 4፦ ክፍያ

የቅበላ ደብዳቤና ስማችሁ ያለበት ኢንቮይስ ይዛችሁ ወደ ባንካችሁ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ሂዱ። ኢንቮይሱ ላይ የዩኒቨርሲቲው ባንክ፣ የሂሳብ ቁጥርና ስዊፍት ኮድ መኖር አለበት፤ ከሌለ ይመልሷችኋል።

ሁለት ነገር አስጽፉ። አንደኛ፣ የተማሪ ቁጥራችሁ በክፍያው ማብራሪያ ላይ ይግባ፤ ያለ እሱ ገንዘቡ ደርሶ ባለቤቱ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ የመላኪያውን ወጪ ሁሉ ላኪው እንደሚሸከም ይመዝገብ። ካልሆነ መሀል ላይ ያለው ባንክ ጥቂት ዶላር ይቆርጣል፣ ክፍያው ጎዶሎ ሆኖ ይደርሳል፣ ምዝገባው በዚያች ትንሽ ገንዘብ ይቆማል።

ባንኩ የሚፈጅበትን ቀን ጠይቃችሁ ከማብቂያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሙሉውን ዓመት ከመክፈል በሞጁል (ዲግሪው በተከፋፈለበት በእያንዳንዱ ኮርስ) መክፈል የሚፈቅድ ተቋም ካለ እሱን ምረጡ። የመጀመሪያው ሞጁል ካልሆነላችሁ የምትከስሩት ትንሽ ነው።

> ማስጠንቀቂያ፦ የግለሰብ ስም ባለው ሂሳብ ወይም በቴሌግራም በተላከ የሂሳብ ቁጥር የትምህርት ክፍያ አትክፈሉ። «ወኪል ነኝ፣ ምንዛሪውን እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ቢመጣም፣ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጹ ላይ ወኪሌ ነው ብሎ ካልዘረዘረው ተዉት።

ደረጃ 5፦ ጊዜውን በቁጥር አስሉት

በእንግሊዝ ሥርዓት ሙሉ የመጀመሪያ ዲግሪ 360 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ተደርጎ ይታሰባል። ስለዚህ ባለ 30 ክሬዲት ሞጁል 300 ሰዓት ነው፤ በ30 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 10 ሰዓት። በዓመት 60 ክሬዲት የምትወስዱ ከሆነ በሳምንት 20 ሰዓት ትሠራላችሁ፣ በስድስት ዓመት ትጨርሳላችሁ። አሜሪካ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይላል፤ የእነሱ ክሬዲት ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩን አይታችሁ ይቀላል አትበሉ።

ሙሉ ጊዜ ሥራ ላለው ሰው በሳምንት 10 ሰዓት ይበቃል እንላለን። 20 ሰዓት ማለት ከሥራ መልስ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ አምስት አምስት ሰዓት ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ፣ ማኅበርና እቁብ ሲጨመርበት አይቆምም።

ደረጃ 6፦ የሰዓት ሰንጠረዥ ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ

ትንሽ ይመስላል፤ ውጤት የሚያሳጣው ግን ይሄ ነው። ማስረከቢያው «23:59» ይላል። የማን 23:59? የዩኒቨርሲቲው ነው። እኛ ደግሞ ሰዓት ስንቆጥር በስድስት ሰዓት እንለያለን፣ ቀን ስንቆጥር በሌላ ካላንደር ነን። ሁለቱን ማስላት በደከመ ጭንቅላት አይሆንም።

ለንደን፣ ክረምታቸው (ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ በእነሱ አቆጣጠር)፦ 23:59 ማለት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8:59።
ለንደን፣ በጋቸው፦ ከሌሊቱ 7:59።
ኒውዮርክ፣ ክረምታቸው፦ በማግስቱ ከጠዋቱ 1:59።
ኒውዮርክ፣ በጋቸው፦ በማግስቱ ከጠዋቱ 12:59።

ልዩነቱ የሚመጣው እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩና እኛ ስለማንቀይር ነው። የቀጥታ ክፍላችሁ በህዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከነበረ በሚያዝያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ ማንም አያስታውሳችሁም።

ምሳሌ፦ በፈረንጅ ኖቬምበር 14 ቀን 2025 የሚያልቅ አሳይመንት በእኛ ህዳር 5 ቀን 2018 ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ለ6 አጥቢያ ከሌሊቱ 8:59 ላይ ያልቃል። እናንተ ግን ህዳር 4 ማታ አስገቡ። ያቺ አንድ ቀን የመብራትና የኔትወርክ ድርሻ ናት።

የስልካችሁን ካላንደር የዩኒቨርሲቲውን ከተማ ሰዓት ጨምራችሁ አዘጋጁት። ገናና ጥምቀት ለእነሱ የሥራ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፋሲካም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር አይገጥምም። ሴሚስተሩ ሲጀመር የበዓል ቀኖቻችንን ከማስረከቢያዎቹ ጎን አስፍሩ።

ደረጃ 7፦ መብራትና ኢንተርኔት

የቤት ራውተር ብዙ ጊዜ በ12 ቮልት፣ 1 አምፔር ይሠራል፤ ማለትም ቢበዛ 12 ዋት ይበላል። «8800» ሚሊአምፔር የተባለ ሚኒ ዩፒኤስ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊያቆይ ይገባል። ፋይበር ላስገባችሁ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ግድግዳው ላይ ያለችው የፋይበር ሳጥንና ራውተሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ከሆኑ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ። ራውተሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ የሰካ ሰው ዋይፋዩን ያያል፣ ኢንተርኔት ግን አያገኝም። ሁለት መውጫ ያለው ዩፒኤስ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተራችሁን ቻርጀር ገልብጣችሁ ቮልቱን አንብቡ፤ 9 ቮልት የሚፈልገውን 12 ላይ መሰካት ያቃጥለዋል።

ዳታችሁን እንዲህ አስሉ፦ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ለአንድ ሰዓት ሲፈስ 450 ሜጋባይት ነው። የዙም የቡድን ቪዲዮ ከዚህ በላይ ሊበላ ይችላል። ድምፅ ብቻ ግን በሰከንድ 80 ኪሎቢት ቢሆን በሰዓት 36 ሜጋባይት ነው። በስልክ ዳታ ክፍል ስትገቡ የራሳችሁን ካሜራ ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም የሚመጣ ቪዲዮ አጥፉ፤ የሚበላችሁ በዋናነት እሱ ነው።

ንባቡን ሌሊት ወይም ማለዳ፣ ኔትወርኩ ሲፈታ አውርዱ። ቤት የማይመች ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለንባብና ለጽሑፍ ጥሩ ነው። ለቀጥታ ክፍል ግን ጸጥታ የሚጠበቅበት ቦታ ስለሆነ ማዳመጥ እንጂ መናገር አይቻልም፤ መልሳችሁን በቻት ጻፉ። የቡና ቤት ዋይፋይ ለፈተና አይሁን።

ደረጃ 8፦ የመማሪያ ሥርዓቱን ያለ ኢንተርኔት ተጠቀሙበት

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ንባብ፣ አሳይመንትና ፈተና የሚቀመጥባቸውን ሙድል ወይም ካንቫስ የተባሉ የመማሪያ ሥርዓቶች ይጠቀማሉ። የሙድል የስልክ መተግበሪያ የኮርሱን ይዘት አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። ፈተናዎች ግን አስተማሪው በመተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ካልፈቀደ አይከፈቱም፤ ስለዚህ የወረደ ሁሉ ይሠራል ብላችሁ ታክሲ ውስጥ አትጀምሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት የኮርሱን መመሪያና የውጤት መስፈርቱን አትሙ። መስፈርቱ አሳይመንቱ በምን እንደሚታረም አንድ በአንድ ይናገራል። «ትንታኔ 40 በመቶ» ካለ ገለጻ ብቻ የሞላበት ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያምር ያንን 40 አያገኝም።

የውይይት መድረኩ ላይ «እስማማለሁ፣ ጥሩ ነው» ብሎ መጻፍ አያስቆጥርም። አንድ ሐሳብ፣ ከንባቡ አንድ ማስረጃ፣ ከክፍላችሁ አንድ ምሳሌ፣ አንድ ጥያቄ፤ ከ150 እስከ 200 ቃል ይበቃል። አስተማሪውን በስሙ መጥራት እዚያ ነውር አይደለም። «ፕሮፌሰር» ስትሉ ማዕረጉ የሌለውን ሰው እንዳትጠሩ ግን የኮርሱን ገጽ እዩ።

ደረጃ 9፦ ስትጽፉ

ዞቴሮን ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ምንጭ ይሰበስባል፣ ዋቢውን ራሱ ይደረድራል። የኢትዮጵያ ደራሲ ስታስገቡ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ዞቴሮ ስሙን ለሁለት ከፍሎ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስቀድመዋል፤ እኛ ደግሞ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። ከስሙ ሳጥን አጠገብ ባለችው ምልክት ወደ አንድ ሳጥን ለውጡትና ሙሉ ስሙን በአንድነት ጻፉ፤ ያኔ በራሱ ስም ይደረደራል። የአስተማሪያችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ፤ ዋናው ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

የኅትመት ዓመቱም እንዲሁ። «2008 ዓ.ም» የሚለውን የአማርኛ መጽሐፍ 2008 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጃችሁት። ወሩ የማይታወቅ ከሆነ 2015/16 ብላችሁ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠሩን በቅንፍ አስቀምጡ።

የአማርኛ ጽሑፍ የምታያይዙ ከሆነ (ለምሳሌ የተማሪ ሥራ ወይም የቃለ መጠይቅ ግልባጭ) በዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ እናንተ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ አስተማሪው ጋ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። አማርኛው ከጠፋ ዩኒኮድ አይደለም። ስትልኩ ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ላኩ።

ጽሑፋችሁን ከሌሎች ምንጮች ጋር የሚያወዳድረው ተርኒቲን የተባለ ፕሮግራም የሚያሳየው በመቶኛ የተቀመጠ መመሳሰል እንጂ ፍርድ አይደለም። አስተማሪው እንዳይቆጠሩ ካላደረገ ዋቢ ዝርዝርና በትምህርተ ጥቅስ የገባ ቃል ሁሉ ይቆጠራል። ዝቅተኛ ቁጥር ነፃ ነህ አይልም፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ምንጩን አለመጥቀስም ስርቆት ነው። በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ መጠቀም የሚፈቀድበት ልክ ከኮርስ ኮርስ ይለያል፤ መመሪያውን አንብቡ፣ ረቂቆቻችሁን በየቀኑ እያስቀመጡ ሂዱ። ጥያቄ ቢነሳ ሥራው የእናንተ መሆኑን የሚያሳዩት ረቂቆቹ ናቸው።

ደረጃ 10፦ የዲጂታል ትምህርት ንድፍ መሥራት

ይህ የዲግሪው ልብ ነው፤ ተማሪዎች በብዛት የሚስቱትም እዚህ ነው። ፒዲኤፍ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ዲጂታል ትምህርት አይባልም። ንድፍ የሚጀምረው ከመሣሪያ ሳይሆን «ተማሪው ሲጨርስ ምን መሥራት ይችላል?» ከሚለው ነው። ለ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ አንድ አነስተኛ ትምህርት እንዲህ ይነደፋል፦

1. ዓላማውን በሚታይ ግስ ጻፉ። «ክፍልፋይን ይረዳል» አይለካም፤ «አንድ እንጀራን ለ4 አካፍሎ ¾ የቱ እንደሆነ ያሳያል» ይለካል።
2. ምዘናውን ቀድማችሁ ሥሩ፦ ሦስት ጥያቄ። ይዘቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ካልሆነ ያማረ ይዘት ሠርታችሁ ዓላማውን የማይለካ ጥያቄ ታወጣላችሁ።
3. የተማሪውን መሣሪያ እዩ። የእናት ስልክ ነው? ማታ ብቻ ነው የሚገኘው? እንግዲያው ቪዲዮ ሳይሆን ድምፅና ሥዕል። የ10 ደቂቃ ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሲቀዳ 4.8 ሜጋባይት ነው።
4. ድምፁን ለሦስት ከፋፍሉት፤ በየመሀሉ «አሁን አቁሙና ወረቀት እጠፉ» በሉ። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ልጅ ሦስት ደቂቃ ላይ ይሄዳል።
5. መለማመጃውን ተማሪው እየነካ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች በሚያሠራው በኤች ፋይቭ ፒ (H5P) ሥሩ። ሉሚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ላፕቶፕ ላይ ያሠራል።
6. ለእያንዳንዱ ሥዕል ገላጭ ጽሑፍ፣ ለድምፁ ደግሞ የጽሑፍ ግልባጭ ጨምሩ። ማየት ወይም መስማት ለሚቸገር ልጅ ትምህርቱ የሚኖረው በዚያ ነው፤ ኔትወርክ ለሌለውም ይጠቅማል።
7. በሦስት ልጆች ሞክሩት፣ የተደናገሩበትን ቦታ ጻፉ፣ አስተካክሉ። ውጤት የሚያስገኘው ያ የማስተካከያ ማስታወሻ ነው።

> ማስጠንቀቂያ፦ የልጆች ፊት፣ ሙሉ ስምና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚታይበት ፎቶ ፖርትፎሊዮ ላይ አይግባ። ከልጆች ጋር ለምትሠሩት ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ከወላጅ በአማርኛ የተጻፈ የፈቃድ ፊርማ ያዙ። ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ፈቃድ ከጠየቀ ከመጀመራችሁ በፊት ነው፤ በኋላ የመጣ ፈቃድ የተሰበሰበውን መረጃ አያድነውም።

ደረጃ 11፦ የኦንላይን ፈተና ቀን

ከሦስት ቀን በፊት የፈተናውን ሶፍትዌር ጫኑና የሙከራ ፈተናውን ውሰዱ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ፣ ዩፒኤሱ ሙሉ፣ የስልክ ሆትስፖት ተሞክሮ ዝግጁ ይሁን። የዊንዶውስ ዝመና ለዚያ ቀን አቁሙት። ቤተሰብ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ካሜራው ሌላ ሰው ካየ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል።

መብራት ቢጠፋ አትደናገጡ፦ የስሕተቱን ገጽ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለድጋፍ ክፍሉ ኢሜይል ላኩ። ማስረጃው በሰዓቱ ከደረሰ ጉዳያችሁን ያዩላችኋል፤ በማግስቱ የሚላክ ማብራሪያ ግን ሰበብ ይመስላል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- የተማሪ ኢሜይልን አለማየት። ውጤት፣ የክፍያ ማሳሰቢያ፣ የቀን ለውጥ ሁሉ የሚመጣው በእሱ እንጂ በግል ኢሜይላችሁ አይደለም። ወደ ስልካችሁ አስገቡት።
- የተሳሳተውን ፋይል ማስገባት። ከሰቀላችሁ በኋላ መልሳችሁ አውርዱና ክፈቱት።
- ማራዘሚያን ካለፈ በኋላ መጠየቅ። ከማስረከቢያው በፊት የጠየቀ ብዙ ጊዜ ያገኛል።
- ሁለት ሞጁል አንድ ላይ መጀመር፣ «የመጀመሪያው ቀላል ነው» ብሎ። መጀመሪያ በኦፕንለርን ላይ ካሉት የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነፃ ኮርሶች አንዱን እስከ መጨረሻው ሥሩ። እሱን ካልጨረሳችሁ ያልሆነላችሁ ሰዓቱ ነው ወይስ ፍላጎቱ የሚለውን ገንዘብ ሳታወጡ ታውቃላችሁ።

ስትጨርሱ

ዲፕሎማው ከመጣ በኋላ ሳይሆን በመጨረሻው ሴሚስተር ላይ እያላችሁ ለአቻ ግምት የሚያስፈልገውን ዝርዝር ከባለሥልጣኑ ዳግም ጠይቁ፤ በመሀል ሊቀየር ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ እንዲልክ ከተጠየቀ የተማሪ መለያችሁ ሳይዘጋ ጥያቄውን አስገቡ። በደረጃ 2 ያገኛችሁትን ደብዳቤ፣ የቅበላ ደብዳቤውን፣ የየዓመቱን የክፍያ ደረሰኝና የኮርስ ዝርዝሩን በአንድ ፋይል አስራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የፎቶ ኮፒውን ቁጥር ሁለት ሁለት አድርጉት፤ አንዱ እዚያው ይቀራል።